«አስፋልት ዳር» ወይስ «ገባ ብሎ»? በጊንጪ የቤት ገዢ የማይቆጥረው ዋጋ

ጊንጪ — ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ የቤት ሽያጭ ወሬ ከሁለት አባባሎች በአንዱ ይጀምራል፦ «አስፋልት ዳር» ወይም «ገባ ብሎ»። ደላላው የመጀመሪያውን በኩራት፣ ሁለተኛውን በይቅርታ መልክ ይናገረዋል፤ ዋጋውም ይህንኑ ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የንግድ ልዩነት ነው። እንቅልፍ በሂሳቡ ውስጥ አልገባም።

በጊንጪም ሆነ በዚሁ መንገድ ላይ በተሰለፉት በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በአምቦና በጉደር ቤት የሚገዛው ነጋዴ ብቻ አይደለም። ጤፉንና ሰንጋውን ሸጦ ልጆቹን ከተማ አስቀምጦ ለማስተማር የተነሣ ገበሬ አለ። መሬቱ ለልማት ተወስዶ የካሳ ገንዘብ የያዘ አባወራ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የአዲስ አበባ ኪራይ ያስመረረው ደመወዝተኛም አሉ። ለአብዛኞቹ ይህ በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ግዢ ነው። ካርታውን ያስመረምራሉ፤ ግድግዳውን ይዳስሳሉ፤ የቧንቧ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠይቃሉ። ቤቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ምን ድምፅ እንደሚሰማበት የሚጠይቀው ግን ጥቂቱ ነው። ጉብኝቱ ረፋድ ላይ ይካሄዳል፤ ስምምነቱ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ የመጀመሪያው ሌሊት የሚመጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

የእነዚህ ከተሞች ነገር ከመንገዱ ተለይቶ አይታይም። አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለምን አዲስ መናገሻ ለማድረግ ባሰቡበት ዘመን ከአዲስ አበባ ወደዚያ የተዘረጋው መንገድ በሀገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነበር። መስመሩ ዛሬ አምቦን አልፎ ወደ ነቀምቴና ወደ ወለጋ ይዘልቃል፤ ከዚያም ወዲያ ወደ አሶሳ ይደርሳል። በየከተማው ሲደርስም ስሙን ሳይቀይር ሥራውን ይቀይራል፦ የሀገር አቋራጭ አውራ ጎዳና የነበረው የከተማው ዋና መንገድ ይሆናል። ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ የባጃጅ መቆሚያው፣ ተማሪው የሚመላለስበት ዳርቻ፣ ወደ ገበያ የሚነዳው ከብትና አህያ ሁሉ በዚያው አንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ።

በምሥራቁ አቅጣጫ ነገሩ በከፊል ተለውጧል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ ፍጥነት መንገድ በአጥር የተከለለ፣ መግቢያና መውጫው የተወሰነ በመሆኑ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ከባድ ተሽከርካሪ የዱከምን፣ የቢሾፍቱንና የሞጆን መሐል ከተማ ሳይነካ ለማለፍ አማራጭ አለው። በምዕራቡ መስመር ከወለጋ ቡናና በቆሎ የጫነው ተሳቢም ሆነ ወደ ምዕራብ ነዳጅ የሚያደርሰው ቦቴ በጊንጪ ነዋሪ መስኮት ሥር ያልፋል። ከአምቦ ማለፊያ ካለው ከሰንቀሌ የማዕድን ውኃ ፋብሪካ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው መኪና ከባድ ነው። ባዶ ጠርሙስ ይዞ የሚመለሰው ደግሞ ከሞተሩ ይልቅ በሳጥኖቹ መንቀጫቀጭ ይለያል፤ በመንገዱ ዳር ያደገ ሰው ሳያይ ያውቀዋል።

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። የዴሲቤል ሂሳብ እንደ ኪሎና እንደ ሜትር ባለመሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ለጆሮ ድምፁ በእጥፍ ያደገ ያህል ይሰማል። የመኪኖች ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር ግን ልኩ ከፍ የሚለው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህ ማለት በተቃራኒው የመኪናው ብዛት በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ለውጡን በጭንቅ ነው የሚያስተውለው። አንድ ከባድ ተሳቢ በበኩሉ የ10 ትናንሽ መኪኖችን ያህል የድምፅ ኃይል ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በአምቦ መንገድ ላይ ያለው ጥያቄ ስንት መኪና ያልፋል የሚለው ሳይሆን ምን ዓይነት መኪና፣ በስንት ሰዓት ያልፋል የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለንግድ ሰፈር ቀን 65፣ ሌሊት 55 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ከመንገድ ትራፊክ የሚመጣው የሌሊት ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የእንቅልፍ መታወክ እንደሚያስከትል፣ ለረጅም ጊዜ ለከፍተኛ የመንገድ ድምፅ መጋለጥም ከልብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ በማስረጃ አስደግፎ። እነዚህ ቁጥሮች ግን አማካይ ናቸው፤ አማካይ ደግሞ በጊንጪ ዓይነት ከተማ ያታልላል። ሌሊት ለሩብ ሰዓት ጸጥ ብሎ በድንገት አንድ ተሳቢ ሲያልፍ አማካዩ ዝቅተኛ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ የተኛው ሕፃን ግን ነቅቷል።

ለዚህ የሚስማማው ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የቆየ መመሪያ ነው። ለጤናማ እንቅልፍ መኝታ ቤት ውስጥ ከ45 ዴሲቤል የሚያልፍ ድንገተኛ ድምፅ በአንድ ሌሊት ከ10 እስከ 15 ጊዜ በላይ መሰማት የለበትም ይላል። በፍጥነት የሚያልፍ ከባድ የጭነት መኪና ከመንገዱ 15 ሜትር ላይ 80 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ያሰማል። መስኮቱ የተከፈተ ቤት ከዚህ 15 ያህል ይቀንሳል፤ በደንብ የተዘጋ ተራ መስኮት ያለው ቤት 25 ያህል። በሁለቱም ስሌት መኝታ ቤት ውስጥ የሚደርሰው ከ45 በላይ ነው። እንግዲህ ገዢው መለኪያ መሣሪያ አያስፈልገውም። አንድ ሌሊት በቤቱ ወይም በአጎራባች አልጋ ቤት አድሮ የሚያልፉትን ከባድ መኪኖች በጣቱ መቁጠር ይበቃዋል። ቁጥሩ 15 ሳይሞላ ከነጋ ጥሩ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመለስ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለአሥርት ዓመታት የተካሄዱ የቤት ዋጋ ጥናቶች ተቀራራቢ ውጤት አሳይተዋል፦ የመንገድ ድምፅ በአንድ ዴሲቤል ሲጨምር የቤቱ ዋጋ በግማሽ በመቶ አካባቢ ይወርዳል። በዚያ ስሌት 15 ዴሲቤል የሚጮህ ቤት ከጸጥተኛው ጎረቤቱ 7 በመቶ ያህል ይረክሳል። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ገበያው ተገልብጦ ይገኛል፤ ወደ ጩኸቱ በቀረቡ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ይህ የገዢዎች አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ሱቅ ወይም ሻይ ቤት ሆኖ የቤተሰቡን ቀለብ ሊሸፍን ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ዋጋውም ተገቢ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ነጋዴ ያልሆነው ሰው የነጋዴውን ዋጋ ሲከፍል ነው። ሱቅ የመክፈት ሐሳብ የሌለው፣ ልጆቹ እንዲያጠኑና እንዲተኙ ብቻ የሚፈልግ ቤተሰብ አስፋልት ዳር ሲገዛ ለማይጠቀምበት ገበያ ከፍሎ፣ የገበያውን ጩኸት በነጻ ይረከባል። «ኋላ ይጠቅማል፣ ዋጋው አይወርድም» የሚለው የደላላ ምክር ስለ ሽያጩ ቀን ትክክል ሊሆን ይችላል። በመሐል ስላሉት አሥርና ሃያ ዓመታት ግን የሚለው የለም።

«ገባ ብሎ» ማለት ስንት ሜትር ነው? መልሱ ብዙዎች ከሚገምቱት ይለያል። ከማያቋርጥ መንገድ የሚመጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር በጠጣር መሬት ላይ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከመንገዱ 10 ሜትር ላይ 70 ዴሲቤል ቢሆን 20 ሜትር ላይ 67፣ 40 ሜትር ላይ 64፣ 80 ሜትር ላይ 61 ይሆናል፤ ከመኖሪያ ሰፈሩ የቀን ወሰን ገና 6 ዴሲቤል ከፍ ብሎ። ሣር ወይም የታረሰ ማሳ በመሐል ካለ ቅነሳው ፈጠን ይላል። በመሆኑም በዚያው ግቢ ውስጥ ቤቱን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ብዙ አይለውጥም። ዋናውን ለውጥ የሚያመጣው ከፊት ያለው የቤት ረድፍ ነው። ተቀራርበው የተሠሩ ቤቶች ከኋላቸው ላለው ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ይከላከላሉ፤ ርቀቱ ሲታከልበት ደግሞ ጆሮ የሚያውቀው ልዩነት ይፈጠራል። ከሱቆቹ ጀርባ ሁለተኛና ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያለ ቤት ከገበያው በእግር ሁለት ደቂቃ ርቆ፣ በዋጋ ረክሶ፣ በእንቅልፍ ከብሮ ሊገኝ ይችላል። በአጥር ላይ የተተከለ አንድ መስመር ባሕር ዛፍ ግን መኪናውን ከዓይን ይሸፍናል እንጂ ድምፁን እምብዛም አያቆምም። ድምፅ የሚያቆመው ክፍተት የሌለውና ከባድ የሆነ ግንብ ነው፤ እሱም መኪናውን ከመስኮቱ እይታ እስከሸፈነ ድረስ።

በአንድ መንገድ ላይም ቢሆን ቦታው ይለያያል። ዳገት ላይ ተሳቢው ማርሽ ቀይሮ ይጮኻል። አውቶቡስና ሚኒባስ በሚቆሙበት አካባቢ ክላክስና የረዳት ጥሪ ከንጋት በፊት ይጀምራል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባለበት ደግሞ ፍሬኑ፣ የባዶ ተሳቢው መንጓጓትና ዳግም የሚነሣው ሞተር ይደራረባሉ። ጉብታው የልጆችን ሕይወት የሚያድን በመሆኑ ይነሣ የሚል አስተዋይ ሰው የለም። ከጉብታው ፊት ለፊት መኝታ ቤት መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወቅቱም ይዋሻል። ቤቱን በሐምሌ ያየ ሰው በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የመንገዱን ድምፅ ይውጥበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቶች፣ ሰማዩ ጠርቶ መሬቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከላይ ያለው ሞቃት አየር ድምፁን ወደ ምድር ስለሚመልሰው ከሩቅ ያለው መኪና የቀረበ ያህል ይሰማል። የደንዲ ገበሬ ይህንን ከልማዱ ያውቀዋል፤ በቀዝቃዛ ሌሊት የጎረቤት ቀበሌ ውሻ በደጁ የሚጮኽ ይመስለዋል። ለቤት ግዢ የሚሻለው የጉብኝት ሰዓት ይኸው ነው፦ የበጋ ሌሊት፣ ጥርት ባለ ሰማይ።

በጊንጪ ከድምፁ ጋር ተያይዞ የሚነሣ፣ በሌላ ቦታ ብዙ የማይነገር አንድ ጉዳይ አለ፤ የግድግዳ ስንጥቅ። አካባቢው በጥቁር አፈሩ ይታወቃል። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ሥር ባለው የጊንጪ ጣቢያ ለዓመታት የተካሄደው ምርምር ይህ ኮትቻ አፈር የሚያቁረውን ውኃ እንዴት ማጠንፈፍ እንደሚቻል ነበር። አፈሩ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከበላዩ ያለውን ቤትም አብሮ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ለስለስ ባለ እርጥብ አፈር ላይ የከባድ መኪና ንቅናቄ ይበልጥ ይሰማል፤ አስፋልቱ የተቦረቦረ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ተሳቢ ሲያልፍ ብርጭቆ በቁም ሣጥን ውስጥ ይንቀጫቀጫል፤ ነዋሪውም ስንጥቁን ሲያይ «መኪናው ነው» ይላል።

ብዙውን ጊዜ መኪናው አይደለም። የመኪና ንቅናቄ ሰውን ይረብሻል፣ መስኮት ያንቀጠቅጣል እንጂ ብቻውን በሚገባ የተሠራን ቤት እምብዛም አይሰነጥቅም። ስንጥቁ በየካቲትና በመጋቢት ሰፍቶ በነሐሴ የሚጠብ ከሆነ፣ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ አግድም የሚወጣ ከሆነ፣ በሩ በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ የሚላላ ከሆነ፣ ነገሩ የአፈርና የመሠረት ነው። ልዩነቱ ለገዢው የገንዘብ ልዩነት ነው፤ የመኪና ድምፅ በመስኮትና በኮርኒስ ይቀልላል፣ መሠረት ግን ቤቱን ሳይነኩ አይታደስም። ለሽያጭ ሲባል ትናንት የተለሰነና ዛሬ ቀለም የተቀባ ግድግዳም ራሱ ጥያቄ ነው። ከአስፋልቱ ጎን ያለው ቦይ መዘጋት አለመዘጋቱም አብሮ ይታይ፤ የሞላ ቦይ ውኃውን የሚሰደው ወደዚያው መሠረት ነው።

አስፋልት ዳር ከመግዛት በቀር ምርጫ የሌለው ሰው አለ፤ ወራሽም ሆኖ በዚያው የሚኖር አለ። ለእነዚህ ጥሩው ዜና፣ የጭቃ ግድግዳ በደንብ ከተለሰነ ከባድ ስለሆነ ድምፅ በመከላከል ረገድ የሚናቅ አለመሆኑ ነው። ያልተለሰነ ብሎኬት ከእሱ ሊያንስ ይችላል። ድምፁ የሚገባው በግድግዳው ሳይሆን በክፍተቱ ነው፤ በጣሪያና በግድግዳ መገናኛ፣ በቆርቆሮ በር ሥር፣ ባልገጠመ መስኮት። ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከአቡጀዴ የተወጠረ ኮርኒስ አቧራ ይይዛል እንጂ ድምፅ አያቆምም። ክፍተቱን መድፈን፣ ኮርኒሱን በከባድ ሰሌዳ መቀየር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መኝታ ቤቱን ወደ ጓሮ ማዞርና ሱቁን ወይም ዕቃ ቤቱን ወደ መንገድ መተው አነስተኛ ወጪ ያላቸው ለውጦች ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣለት ያዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1225 ባለይዞታ በመልካም ጉርብትና ከሚገባው በላይ በጢስ፣ በሽታ፣ በድምፅ ወይም በንቅናቄ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። እነዚህ ሁሉ ባለቤት ላለው ድምፅ የተመቹ ናቸው፤ ለወፍጮ ቤት፣ ለብረታ ብረት ሥራ፣ ሌሊቱን ለሚያመሽ ሙዚቃ ቤት። ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ከከተማው የሚወጣን ተሳቢ ማን ይከሰዋል? መንገዱ ቀድሞ የነበረ ነው፤ ገዢው ዓይኑ እያየ የገዛው ነው። ሻጩንም «ጩኸቱን አልነገርከኝም» ብሎ መርታት ከባድ ነው፤ በግልጽ የሚታይና የሚሰማ ነገር የገዢው ኃላፊነት ነውና። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ሕጉ ቢያዝም፣ በውሉ ላይ ስለ ድምፅ የሚጻፍ ነገር የተለመደ አይደለም።

ስለ ነገ ደግሞ ሦስት ነገሮች በግልጽ ይታያሉ። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ትራፊክ የመቀነስ አዝማሚያ የለውም፤ ወደ ወንጪ የሚወስደው አንዱ መንገድ በአምቦ በኩል በመሆኑ በገበታ ለሀገር የለማው ስፍራ የዕረፍት ቀን መኪኖችን ይጨምራል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተማ ውስጥ በዝግታ የሚሄዱትን ትናንሽ መኪኖች ጸጥ ሊያደርግ ይችላል፤ የሌሊቱን እንቅልፍ የሚወስደው የናፍጣ ተሳቢ ግን በዚህ አይነካም። ሦስተኛው፣ መንገድ ይሰፋል። ሲሰፋ አንደኛው ረድፍ ይነሣል፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረትም ካሳ ይታሰብለታል። ካሳው ግን የሚነሣውን ንብረት ይከተላል። ትናንት ሁለተኛ ረድፍ ላይ የነበረው ቤት ግድግዳው ሳይነካ አንደኛ ረድፍ ሆኖ ያድራል።

ስለዚህ ካርታ ማየት ብቻ አይበቃም። በከተማው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የሚገኘውን መዋቅራዊ ፕላን መጠየቅ፣ የመንገዱ የታቀደ ስፋት የት እንደሚያልፍ፣ ለማለፊያ መንገድ የተያዘ መስመር መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማለፊያ መንገድ ቢሠራ ጩኸቱም ገበያውም አብረው ይሄዳሉ፤ ለሱቅ የገዛው ይከስራል፣ ለመኖር የገዛው ይተነፍሳል። ዛሬ ከከተማው ዳር ማሳ የሆነው ቦታም ነገ የማለፊያው ዳርቻ ሊሆን ይችላል።

ፕላኑ የሚመለከተው ገዢውን ብቻ አይደለም። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሰነድ ነው። በጊንጪና በአጎራባቾቿ ዳርቻ አዲስ ቦታ ሲሸነሸን አንደኛውን ረድፍ ለንግድና ለመጋዘን፣ ትምህርት ቤትና መኖሪያን ከዚያ ኋላ ማድረግ ለከተማው ተጨማሪ በጀት አያስወጣውም፤ በሸንሻኙ ወረቀት ላይ የሚሰመር መስመር ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ግን ያንኑ መስመር ማስተካከል የሚቻለው በካሳ ብቻ ነው።